የዶርም ኑሮ፦ ከዶርሜቶች (አንድ ክፍል ከሚጋሩን ልጆች) ጋር ስለመኖር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። የእህቴ ልጅ ትደውላለች፣ የጎረቤት ልጅ ይደውላል፣ የጓደኛዬ ታናሽ ትጽፍልኛለች። ስለ ትምህርቱ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። አብዛኛውን የሚያስጨንቀው «ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እንዴት አድርጌ ነው የምኖረው?» የሚለው ነው። እኔ በ2011 ዓ.ም. ግቢ ገብቼ፣ የኮሮናው ጊዜ ተጨምሮበት፣ ከ4 ዓመት በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ኖሬያለሁ። በአንድ ክፍል 8 ሴቶች ነበርን። ተጣልተናል፣ ተኮራርፈናል፣ ታርቀናል። ዛሬም ለሰርግም ለለቅሶም የምንፈላለገው እኛው ነን። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ የከረምኩትን እዚህ ሰብስቤ ጽፌዋለሁ።

ዶርሜቶቼን መምረጥ እችላለሁ? በአንድ ክፍልስ ስንት ሰው ነው የሚኖረው?

ፍሬሽ (አዲስ ገቢ) ሆኖ መምረጥ ብዙ ጊዜ የለም። ስም ዝርዝር ተለጥፎ ይጠብቃችኋል። ብሎክና ክፍል ቁጥራችሁን አይታችሁ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ መሄድ ነው። የሰው ብዛት እንደ ግቢው ይለያያል፤ 4፣ 6፣ 8 የሚኖርበት አለ። ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ ሎከር፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ጠረጴዛ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ስለጀመረ፣ ዶርም ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። ግን ያ የጥቂት ቀን ነገር ነው። ለጥቂት ቀን ማንም ሰው ጨዋ ነው።

በስም ፊደል ተራ የሚመድብ ግቢ ብዙ ስለሆነ ሞክሼ አይጠፋም። እኛ ክፍል 3 ሞክሼዎች ነበሩ። አንዷን ስንጠራ ሦስቱም «አቤት» ሲሉብን ጊዜ በመጡበት ከተማ ጠራናቸው። ደሴ፣ ጂንካ፣ ነቀምት። እዚህም እንዲሁ ብዬ ነው የምጠራቸው።

ለዶርም ኑሮ የግድ ምን ልያዝ?

አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ባልዲ፣ ትንሽ ጀሪካን፣ ኤርፎን። ከሁሉም በላይ ጠንካራ ጓጉንቸር ቁልፍ። ሎከራችሁን መቆለፍ ዶርሜን መጠርጠር አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ያልተቆለፈ ሎከር ውስጥ አንድ ነገር ሲጠፋ ያኔ ነው ሁሉም ሰው የሚጠረጠረው።

መጀመሪያ እንደተገናኘን ምን ብናወራ ይሻላል?

ይሄን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ከተጣላ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁላችሁም ባላችሁበት አንድ ማታ፣ ቁጭ ብላችሁ አውሩ። መብራት ስንት ሰዓት ይጥፋ? ጽዳቱ በማን ተራ? ውሃ ሲመጣ ማን ይቀዳል? እንግዳ ሲመጣ እንዴት እንሁን? የእኔ ዕቃ ሳይጠየቅ የሚነካው የትኛው ነው፣ የማይነካውስ? ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እኛ ይሄን አላደረግንም። ይሉኝታ ያዘን። ይሉኝታ ደግሞ ዶርም ውስጥ ክፉ ነገር ነው። ውጦ ውጦ አንድ ቀን ይፈነዳል፣ የሚፈነዳውም በባልዲ ወይም በነጠላ ጫማ ሰበብ ነው።

ደሴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ትነሳ ነበር። ዕቃዋ ሁሉ በፌስታል ነው። ሳሙናው በፌስታል፣ ፎጣው በፌስታል፣ ደብተሩ በፌስታል። ኮሽ፣ ኮሽ፣ ኮሽ። እኔ ታችኛው አልጋ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ጥርሴን እነክሳለሁ። 3 ወር ሙሉ ምንም አላልኩም፤ «ምን ትለኛለች» ብዬ። ፋይናል ሲደርስ፣ ሌሊቱን ሳነብ አድሬ ገና ጋደም እንዳልኩ ያ ፌስታል ተንኮሻኮሸ። ብድግ ብዬ ጮህኩባት። የ3 ወሩን በሙሉ ነው ያወረድኩባት። ክፍሉ ነቃ። እሷ ሳሙናዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ቆይታ ቀስ ብላ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። በማግስቱ ዕቃዋን በሙሉ ወደ ጨርቅ ቦርሳ አዛውራው አገኘሁ። ያን ያህል ያናደደኝ ነገር አንድ ከሰዓት አልፈጀም።

ስለዚህ ነገሩ ገና ትንሽ ሳለ ተናገሩ። ለብቻዋ፣ በደህና ሰዓት፣ ስለ ነገሩ ብቻ። «አንቺ ሁሌ እንዲህ ነሽ» አይባልም። «ፌስታሉ እየቀሰቀሰኝ ነው» ይባላል።

እኔ ማንበብ እፈልጋለሁ፣ እነሱ መተኛት። መብራቱ ደግሞ አንድ ነው። ምን ይሻላል?

የዶርም ጠብ ግማሹ ከዚህች ማብሪያ ማጥፊያ ይነሳል። ዶርም መኝታ ነው ብላችሁ ብትነሱ ነገሩ ይቀላል። ማንበብ የሚፈልግ ላይብረሪ ወይም ክፍት የማንበቢያ ክፍል አለው፤ መተኛት የሚፈልግ ግን ከአልጋው ሌላ የሚሄድበት የለውም። እኛ በኋላ የተስማማነው ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ትልቁ መብራት እንዲጠፋ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያነብ በቻርጅ የሚሠራ ትንሽ መብራት ያበራል። በፈተና ሳምንት እስከ 6 ሰዓት ከፍ እናደርገዋለን።

ድምፅም እንዲሁ። ፊልም፣ ቲክቶክ፣ ሙዚቃ በኤርፎን። ረጅም ስልክ ኮሪደር ላይ። አላርም አንዴ ሲጮህ መነሳት፤ በየ5 ደቂቃው 6 አላርም ሞልቶ ራሱ የማይነሳ ሰው 7 ሰው ቀስቅሶ ይተኛል።

የጽዳት ተራዋን የምትዘል ልጅ አለች። ምን እናድርጋት?

መጀመሪያ ተራው በወረቀት ተጽፎ በሩ ጀርባ ላይ ይለጠፍ። ቃል ይረሳል፣ ወረቀት አይረሳም። ሁለተኛ፣ ለምን እንደምትዘል ጠይቋት። እኛ ዘንድ የምትዘለው ልጅ፣ እነሱ ቤት ሠራተኛ ስለነበረቻቸው፣ መወልወያ ይዛ አታውቅም ነበር። አፍራ ነው እንጂ ንቃ አልነበረም። ጂንካ አንድ ቅዳሜ አብራት ወለወለችና አለቀ።

በንቀት የምትዘል ከሆነ ግን እየሠራችሁላት አትኑሩ። የወጪ መጋራት ውል ስትገቡ የፈረማችሁት ሁላችሁም ናችሁ። የመኝታውንም የምግቡንም ወጪ ከተመረቃችሁ በኋላ ትከፍሉታላችሁ። ክፍሉ የሁላችሁም እኩል ነው፣ ሥራውም እንደዚያው።

ምግብና ዕቃዬን ሳይጠይቁ ይጠቀሙብኛል። ብናገር ስስታም እባላለሁ?

አትባሉም፤ ብትባሉም ያልፋል። እናቴ ከቤት ስመጣ በትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ በሶ ጠቅጥቃ ትልክልኝ ነበር። ለወሰነ ትምህርቱ ይበቃኛል ያልኩት በሶ በ12 ቀን አለቀ። እኔ የጨለጥኩት 3 ጊዜ ነው። አኩርፌ ሁለተኛ ከቤት ምንም አላመጣም አልኩ። ነቀምት ናት መፍትሔ ያመጣችው። ከየቤታችን ከሚመጣው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ ግማሹ የጋራ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ያ የሁሉም ነው፤ አይጠየቅበትም። ግማሹ ሎከር ውስጥ ይቆለፋል፤ ያ የባለቤቱ ነው፤ አይነካም። ቀላል ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ በምግብ ተጣልተን አናውቅም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከቤቷ ምንም የማይላክላት ልጅ ትኖራለች። ካርቶኑ ውስጥ ምንም ስለማትጨምር እጇን መስደድ ታፍራለች። እሷን ስም ጠርቶ «ብይ» ማለት ያስፈልጋል። ነን ካፌ ሆነው፣ ማለትም በግቢው ካፌ መመገቡን ትተው፣ ወርሃዊውን ብር እየተቀበሉ የሚኖሩም ወሩ መጨረሻ ላይ ብሩ ሲያልቅ በባዶ ሆድ የሚተኙበት ቀን አለ። ዝም ብሎ ዳቦ ማስቀመጥ ነው፤ ጥያቄ አይበዛም።

ልብስ መዋዋስ የሴቶች ዶርም ትልቁ ደስታም ትልቁ ጣጣም ነው። እኛ ሕጋችን አንዲት ናት፤ የተዋሰ አጥቦ ይመልሳል። የውስጥ ልብስ፣ ፎጣ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ምላጭ መዋዋስ ግን ለጤናም አይሆንም። ሞዴስ ደግሞ ሂሳብ አይያዝበትም። ያለቀባት ትወስዳለች፣ ሲኖራት ትተካለች።

ብር ያበደርኳት ዶርሜ አልመለሰችልኝም። እንዴት ልጠይቃት?

በግልጽ፣ ሰው በሌለበት። «ያ ብር መቼ ይሆንልሻል?» በቂ ነው። በአንዴ ካልሆነላት ከፋፍላ ትክፈል። ለሚቀጥለው ደግሞ ቢቀር የማይጎዳችሁን ያህል ብቻ አበድሩ፣ በቴሌብርም ላኩ፤ መቼና ስንት እንደሆነ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ጨረስኩ፤ በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ሃይማኖታችን የተለያየ ነው። ጸሎት፣ ጾም፣ ሰላት ላይ እንዴት እንስማማ?

ከምትፈሩት በላይ ቀላል ነው። አንዷ ዶርሜያችን ከሐረር የመጣች ሙስሊም ናት። በመጀመሪያው ረመዳን ሌሊት ከ10 ሰዓት በፊት ትነሳና አልጋዋ ባዶ ይሆናል። የት እንደምትሄድ አናውቅም። አንድ ሌሊት ጂንካ ሽንት ቤት ልትሄድ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘቻት። ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ፣ ስልኳን መብራት አድርጋ፣ ዳቦና ሻይዋን ይዛ ሱሑር ትበላለች። እንዳትቀሰቅሰን ብላ። ጂንካ እጇን ይዛ ወደ ክፍል አስገባቻት። «ቤትሽ እያለ ኮሪደር ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው የሷ ሆነ። እኛም ከራት የተረፈ ዳቦ ካለን እናስቀምጥላታለን። ለፋሲካ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አድረን ስንመለስ ክፍሉን ጠርጋ፣ ውሃ ሞልታ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ብላ ተቀበለችን።

ሰው ሲሰግድ በፊቱ አይታለፍም። ጮክ ብሎ መጸለይ ወይም መዝሙር መክፈት ካማራችሁ ክፍሉ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ምረጡ። ረቡዕና ዓርብ የምትጾምን ልጅ «አንድ ቀን ምን አለበት» እያላችሁ አታስቸግሯት። የማንንም እምነት መቀለጃ ማድረግ አይፈቀድም፤ በቀልድም ቢሆን። ለመከራከር ከፈለጋችሁ ውጭ ወጥታችሁ፣ ሁለታችሁም ፈልጋችሁ ይሁን።

ዶርሜቶቼ በማልሰማው ቋንቋ ያወራሉ። ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኛል።

እኔም መስሎኝ ነበር። ነቀምት ከጎን ክፍል ልጅ ጋር በኦሮምኛ ስታወራና ስትስቅ ደረቴ ይጠብ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ «ምን ብላችሁ ነው?» አልኳት። የእናቷ በግ ጎረቤት ገብታ የተሰጣ በርበሬ በልታ የሆነችውን ነው የምታወራው። ተርጉማ ስትነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ሰው ሲደክመው፣ ሲናፍቀው ወደ አፍ መፍቻው ይመለሳል። ተፈጥሮ ነው። በዚያው ልክ ሁሉም በተቀመጠበት የጋራ ጨዋታ ላይ ሁሉም የሚሰማውን ቋንቋ መጠቀም ጨዋነት ነው። ቅር ካላችሁ ጠይቁ። ሰላምታም ተማሩ። እኛ ክፍል ጠዋት «አካም ቡልቴ» ሳይባል አይወጣም ነበር፤ ነቀምት በሳቅ እያረመችን።

ግቢው በብሔር ጉዳይ ሲታመስ ክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ይሄ ከባዱ ነው። በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነስቶ ተማሪዎች ሕይወታቸው አልፏል። በሺዎች የሚቆጠሩም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሄደዋል። እኛ ያኔ ሁለተኛ ዓመት ነበርን። ግቢው ውስጥ ድንጋይ የተወረወረበት ማታ ሁላችንም ሎከር ገፍተን በሩ ላይ አስደገፍንና ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፈን አንድ ላይ ተኛን። የነቀምት እናት በየደቂቃው ይደውላሉ። እሷ ማልቀስ ስትጀምር ስልኩን ደሴ ተቀበለቻት። «አይዞዎት እናቴ፣ አብራን ናት። እኛ ካለን እሷም አለች» አለቻቸው። እናትየው አማርኛቸው ብዙ አይደለም። «ልጄ፣ ልጄ» ብቻ ሲሉ ከስልኩ ይሰማል።

ከዚያ ሌሊት የተማርነውን ልንገራችሁ። ግቢ ሲሞቅ ፌስቡክ ላይ የተጻፈ ነገር ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ አይነበብም። ያልተጣራ ወሬ ወደ ማንም አይላክም። «እናንተ» የሚለው ቃል ይቅር፤ ፊታችሁ ያለችው ልጅ የማንም ተወካይ አይደለችም። ለብቻ አይወጣም፣ ለብቻም ማንንም አይተውም። የእያንዳንዷን ቤተሰብ ስልክ ሁላችሁም ያዙ። ከጓደኛ ጎትቶ ሰልፍና ድንጋይ ውስጥ የሚከታችሁ ሰው ቢመጣ በሩን አትክፈቱለት። ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው አልልም፤ ተማሪ አይደለንም እንዴ። ግን ክፍሉ መሸሸጊያችሁ ነው። መሸሸጊያ አይቃጠልም።

ክፍል ውስጥ ስልክ ወይም ብር ቢጠፋ?

ስም አትጥሩ። ያልሰረቀችን ልጅ አንዴ ሌባ ካላችኋት ያ ቁስል ሳይድን ትመረቃላችሁ። ሁሉም ባለበት መጥፋቱን ተናገሩ፣ አንድ ላይ ፈልጉ፣ ካልተገኘ ለፕሮክተር (ለዶርሙ ኃላፊ) እና ለግቢው ጥበቃ አመልክቱ። የሰው ሎከር በጉልበት መፈተሽ የእናንተ ሥራ አይደለም። ዛሬውኑ ደግሞ በስልካችሁ *#06# ደውሉና የሚወጣውን መለያ ቁጥር ጽፋችሁ ቤተሰብ ዘንድ አስቀምጡ። ሲጠፋ ለማመልከት ያስፈልጋል።

አልጋችን ትኋን አለበት። የማን ጥፋት ነው?

የማንም። ትኋን ከንጹህም ሰው ሻንጣ ይመጣል። እርስ በርስ መወነጃጀሉን ትታችሁ በአንድ ቀን አንድ ላይ ዝመቱበት። ፍራሽ ፀሐይ ላይ፣ የብረት አልጋው መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውሃ፣ ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ። አንዷ ብቻዋን ብታጸዳ ከጎን ይመለስባታል። ማስረጨት የግቢው ሥራ ስለሆነ ማመልከቻ ጻፉ።

ዶርሜ ታመመች፣ ወይም ሰው አታናግርም። ጣልቃ መግባት ይገባኛል?

ይገባችኋል። እናትና አባት ሩቅ ናቸው፤ ቅርብ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ሳል 2 ሳምንት ካለፈ ወደ ክሊኒክ ይዛችኋት ሂዱ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል። 8 ሰው በሚተነፍስበት ክፍል ደግሞ መስኮት መክፈት ለሁሉም ነው፤ ቢበርድም።

ዝምታውን ግን ለመለየት ይከብዳል። ካፌ መሄድ ካቆመች፣ ክላስ ከቀረች፣ ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ከተኛች «ናፍቆት ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት። አጠገቧ ቁጭ በሉ። ምግብ አምጡላት። «መሞት ይሻለኛል» የሚል ነገር ከአፏ ከወጣ ብቻዋን አትተዉአት። ያኔውኑ ወደ ክሊኒክ ወይም ወደ ግቢው የምክር አገልግሎት ይዛችኋት ሂዱ፣ ለቤተሰቧም ንገሩ። ምስጢር ጠብቂልኝ ብትልም ይሄኛው ምስጢር አይጠበቅም።

ፕሮክተር ዘንድ መሄድ መክዳት ነው?

ለፌስታልና ለጽዳት ተራ አትሂዱ፤ ያ በመካከላችሁ ያልቃል። ለዱላ፣ ለዛቻ፣ ለጾታ ትንኮሳ፣ ለሌብነት፣ ክፍል ውስጥ ዕፅ ለሚያስገባ ግን ያኔውኑ ሂዱ። ሽማግሌ ጠርቶ መዳኘት ጥሩ ልማድ ነው፤ የተመታን ሰው «ተስማሙ» ማለት ግን ፍርድ አይደለም። ስቶቭም እዚህ ውስጥ ይገባል። ብዙ ግቢ ይከለክለዋል፤ ምክንያቱም የዶርም ሽቦ አይችለውም፣ እሳት ደግሞ ከአንድ ክፍል አይቆምም። እኛ ቡና ሲያምረን ከግቢው በር ፊት ለፊት ጀበና ያላቸው እናት ዘንድ እንሄድ ነበር።

ክፍል መቀየርም ይቻላል። የምትቀያየራችሁ ሰው ካለች ብዙ ጊዜ ፕሮክተሩ አይከለክልም። ሞክራችሁ ካልሆነ መልቀቅ ነውር የለውም። ሁሉም ሰው ከሁሉም ጋር ይኖራል የሚለውን አላምንም።

ዶርሜ ዲስሚስ ሆነች። ምን ልበላት?

ብዙ አትበሏት። እኛ ክፍል በአንደኛ ዓመት መጨረሻ አንዷ ተባረረች። ውጤት የወጣ ቀን ሎከሯን ከፍታ ልብሷን አንድ በአንድ ስታጥፍ ማንም አፉን መክፈት አልቻለም። ከዚያ አንዳችን ማጠፍ ጀመርን፣ ሌላዋ ደብተሯን ሰበሰበች። እስከ መናኸሪያ ሸኘናት። አውቶቡሱ እስኪሞላ አብረናት ቆምን። በየሳምንቱ መደወላችን ግን ከቃል በላይ ጠቅሟታል፤ በኋላ ተመልሳ ለመግባት ስታመለክት የሚያስፈልጋትን ወረቀት ሬጅስትራር ዘንድ እየሄድን የምንጨርስላት እኛ ነበርን። የምክር ናዳ አታውርዱባት፤ ከቤት ይጠብቃታል።

በመጨረሻ ክሊራንስ (ግቢ ስንለቅ የምናደርገው የዕቃ ርክክብ) ስንጨርስ የተበላሸ ዕቃ ቢኖር ማን ይከፍላል?

ያበላሸው ሰው ከታወቀ እሱ፤ ካልታወቀ ሁሉም። ስትገቡ የክፍሉን ዕቃ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ቀድሞ የተሰበረ ሎከር እንዳይቆጠርባችሁ። ክሊራንስ ሳያልቅ ዲግሪያችሁን መቀበል ስለማይቻል በዚያ ሰዓት ጭቅጭቅ መጀመር አያዋጣም። የእኛን መስኮት መስታወት ማን እንደሰበረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁላችንም ተካፍለን ከፈልን። ጂንካ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ቀድማ ስለወጣች የሷን ድርሻ ደሴ ከፈለችላት። ማታውኑ በቴሌብር መለሰችላት፤ 10 ብር ጨምራ፣ «ለሻይ» ብላ።